የማይሞተው ጀግናና የታከተው ተመልካች

ኪነ ጥበብና ተመልካች ያልተጻፈ ውል አላቸው። ተመልካቹ ከዕለት ሥራው የተረፈችውን ጊዜ፣ ከኪሱ የወጣችውን ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀልቡን ይሰጣል። ጥበበኛው በበኩሉ ስሜትን የሚያነቃ፣ አእምሮን የሚያሠራ፣ በሕይወት ላይ አንዳች ነገር የሚጨምር ፍሬ ሊሰጠው ይገባል። ይህን ውል የሚያስፈጽም ዳኛ የለም፤ ሲፈርስ ግን ይታወቃል። ተመልካቹ አቤቱታ አይጽፍም፣ ሰልፍ አይወጣም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ባዶ ወንበር ከማንኛውም ኀያሲ ብዕር የከበደ ሂስ ነው።

ለአሜሪካ የፊልም ኢንዱስትሪ ይህ ሂስ ጎልቶ የደረሰው በ2023 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት በኖቬምበር ወር «ዘ ማርቭልስ» የተሰኘው ፊልም ለዕይታ በቃ። ፊልሙ በ2019 ከ1 ቢሊዮን 100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ላስገባው «ካፕቴን ማርቭል» ተከታይ ነው። ተከታዩ ግን ከመላው ዓለም ያገኘው 206 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለመሥራት የወጣበት ገንዘብ ብቻውን ከ200 ሚሊዮን በላይ ነበር። የቲኬቱ ገቢ ከሲኒማ ቤቶች ጋር የሚከፈል በመሆኑ ኪሳራው ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት የተፎካካሪው ኩባንያ የዋርነር ብራዘርስ «ዘ ፍላሽ» 270 ሚሊዮን ገደማ አስገብቶ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። የምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች ለሁኔታው ስም አወጡለት፤ «የልዕለ ጀግና ድካም» አሉት። ልዕለ ጀግና ማለት የሚበር፣ ግድግዳ የሚወጣ፣ ጥይት የማይበሳው፣ በአጠቃላይ ከሰው በላይ ኃይል የተሰጠው ገጸ ባሕርይ ነው።

ስም ማውጣት ግን ምክንያትን መግለጥ አይደለም። ተመልካቹ የደከመው ከምንድን ነው? ከጀግና ነውን? ከረጅም ታሪክ ነውን? ወይስ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር አለ? ጥያቄው የሆሊውድን ባለአክሲዮኖች ብቻ የሚመለከት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ተከታታይ ታሪክ የሚጽፍ፣ የሚያዘጋጅ፣ የሚተውንና ስለ ኪነ ጥበብ የሚያስተምር ሁሉ ሊያሰላስለው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ጀግናው ከየት መጣ?

ልዕለ ጀግናው የተወለደው በችግር ዘመን ነው። ሱፐርማን በ1938 በአንድ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ ሲወጣ አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ገና አላገገመችም ነበር። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች ሱፐርማን ይታገል የነበረው ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር ሳይሆን ሚስቱን ከሚደበድብ ባል፣ ከሙሰኛ ፖለቲከኛ፣ የሠራተኞቹን ደኅንነት ችላ ካለ የማዕድን ጉድጓድ ባለቤት ጋር ነበር። ካፕቴን አሜሪካም በ1941 በጆ ሳይመንና በጃክ ከርቢ እጅ ሲፈጠር፣ በመጀመሪያው ዕትም ሽፋን ላይ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ታየ። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም። እንግዲህ የእነዚህ ጀግኖች ሥር በሕዝብ ምሬትና በሕዝብ ምኞት ውስጥ የተተከለ ነበር። አቅም ያጣ ሰው አቅም ያለው ወገን ተመኘ፤ ምኞቱም ካባ ለብሶ በረረ።

ይሁን እንጂ ጀግናው ከተወለደበት ዕለት አንሥቶ ባለቤቱ ሌላ ነበር። ሲግልና ሹስተር ለመጀመሪያው የሱፐርማን ታሪክ ከነሙሉ መብቱ የተከፈላቸው 130 ዶላር ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ በሚሊዮን ሲያጋብስ እነርሱ በችግር አረጁ፤ በ1975 የሕዝብ አስተያየት ካስገደደው በኋላ ብቻ ዓመታዊ ጡረታ ተቆረጠላቸው። የፈጣሪው ላብና የባለንብረቱ ትርፍ የተለያዩት እንግዲህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

የማርቭል ኩባንያ ታሪክ ይህንኑ በጉልህ ያሳያል። ኩባንያው በ1996 ለኪሳራ ተዳረገ። ዕዳውን ለመክፈልም የታወቁ ጀግኖቹን የፊልም መብት ለሌሎች ድርጅቶች ሸጠ፤ የሸረሪት ሰው ወደ ሶኒ ሄደ። በ2005 ደግሞ የራሱን ፊልሞች ለመሥራት ሜሪል ሊንች ከተባለው የገንዘብ ድርጅት 525 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር ሲያመቻች፣ በመያዣነት ያቀረበው የአሥር ገጸ ባሕርያትን የፊልም መብት ነበር። ገበሬ በሬውን፣ ነጋዴ ቤቱን እንደሚያስይዝ፣ ኩባንያው ጀግኖቹን አስያዘ። ቁማሩ ሠመረለት። በ2008 የወጣው «አይረን ማን» ወደ 585 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በ2009 ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ይህን መያዣ ማስታወስ ያስፈልጋል። በመያዣ የተሰጠ ንብረት እንዲጠፋ አይፈቀድለትም።

ረጅሙ ታሪክ በጊዜው ለምን አላሰለቸም?

እውነቱን ለመናገር፣ ከ2008 እስከ 2019 የተሠራው ሥራ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ቀላል ሥፍራ የሚሰጠው አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ 22 ፊልሞች ወጡ። ፊልሞቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው የሚታዩ ሲሆኑ፣ በአንድነት ግን ወደ አንድ ታላቅ ግጭት ይጓዙ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም ቁምነገርም ነበረው፤ የጦር መሣሪያ አምራቹ ቶኒ ስታርክ የሸጠው መሣሪያ በነፍሰ ገዳዮች እጅ ገብቶ ሲያይ ሕሊናው ይነቃል። ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ይህን ሰው ሲተውን የገጸ ባሕርዩን ትዕቢትና ጸጸት በአንድ ፊት ላይ አሳይቷል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የምትመጣው አጭር ትዕይንት በዚያን ጊዜ ለታገሠ ተመልካች የምትሰጥ ምርቃት ነበረች።

በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ተመልካቹ ሦስቱንም ሰዓት ተቀምጦ አየው፤ ፊልሙም ወደ 2 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በተቃራኒው ሕዝቡ የሸሸው «ዘ ማርቭልስ» አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሰንሰለቱ ውስጥ ከወጡት ሁሉ አጭሩ ፊልም ነው። እንግዲህ የድካሙ ምክንያት በሰዓት የሚለካ ርዝመት አለመሆኑን ይህ ብቻውን ያስረዳል። ሕዝቡ «ኤንድጌም»ን የወደደው ማለቂያ ስለተሰጠው ነው። ቶኒ ስታርክ ሞተ፤ ካፕቴን አሜሪካ አርጅቶ ጋሻውን ለሌላ አስረከበ። በ2008 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ተመልካች በ2019 የሃያ አንድ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የልጅነት ጀግናውን ቀበረ። ያፈሰሰው እንባ የሐሰት አልነበረም።

መደጋገምም በራሱ አያሰለችም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ ጽፈዋቸዋል። የኢትዮጵያ አንባቢና ተመልካች ታሪኩ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ያውቃል፤ በ1868 መቅደላ አምባ ላይ፣ በራሳቸው ሽጉጥ። ይህን ማወቁ ግን ፍላጎቱን አልቀነሰውም። እያንዳንዱ ደራሲ ወደዚያች ሰዓት የሚወስደውን መንገድ በራሱ ዐይን ይመረምራል፤ የንጉሡን ሕልም፣ ቁጣ፣ ብቸኝነት በየፊናው ይመዝናል። ከደራሲዎቹ መካከል ግን ቴዎድሮስን ከመቅደላ አስነሥቶ ለሚቀጥለው ክፍል ያቆየ የለም። ክብደታቸው ያለው በፍጻሜያቸው ነውና። የአማርኛ ተረት ነጋሪም ቢሆን ተረቱን ሲጨርስ አድማጮቹ ተረቱን እንዲመልሱለት ይጠይቃል። አባባሉ የጨዋታ ይምሰል እንጂ ጥልቅ የኪነ ጥበብ ሕግ አለበት፤ ታሪክ በውሰት የተሰጠ ነገር ነው፣ አልቆ ይመለሳል፣ ሰሚውም ወደ ሥራው ይሄዳል።

ሞት ዋጋ ሲያጣ

ከ«ኤንድጌም» በኋላ የሆነው የዚህ ሕግ ተቃራኒ ነው። ዲዝኒ በኖቬምበር 2019 በኢንተርኔት አማካይነት ፊልም ወደየቤቱ የሚያሠራጭ አገልግሎት ከፈተ። አገልግሎቱ በየወሩ ክፍያ ስለሚሰበስብ በየወሩ አዲስ ነገር ማቅረብ ነበረበት። በመሆኑም በ2021 እና በ2022 ብቻ ሰባት የማርቭል ፊልሞችና ስምንት ባለ ብዙ ክፍል ተከታታዮች ወጡ። ቀድሞ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በዓል ይመስል የነበረው ነገር የሳምንት ግዴታ ሆነ።

የግዴታው ጠባይ በ«ዘ ማርቭልስ» ላይ በግልጽ ይታያል። ፊልሙ ሦስት ባለታሪኮች አሉት። የመጀመሪያዋን ለማወቅ የ2019ኙን ፊልም፣ ሁለተኛዋን ለማወቅ ዘጠኝ ክፍል ያለውን «ዋንዳቪዥን»ን፣ ሦስተኛዋን ለማወቅ ስድስት ክፍል ያለውን «ሚስ ማርቭል»ን አስቀድሞ ማየት ይጠበቃል። አንድ ሰው አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ለመዝናናት አንድ ፊልምና አሥራ አምስት ክፍል ማጥናት አለበት ማለት ነው። ተመልካቹ በዚህ አኳኋን ከእንግድነት ወደ ባለዕዳነት ተለወጠ። ካላየ አይገባውም፤ ካልገባው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። ምርቃት የነበረችው የመጨረሻዋ ትዕይንት ለሚቀጥለው ክፍያ የምትላክ ማስጠንቀቂያ ሆነች።

አንዳንድ ወገኖች የፊልሙን ውድቀት በሴት ተዋንያኑና በሴት አዘጋጇ ላይ ለመለጠፍ ሞክረዋል። ይህ ሚዛን የማይደፋ ክስ ነው። የ2019ኙም ፊልም መሪ ገጸ ባሕርይ ሴት ነበረች፤ ሕዝቡ ግን በገፍ ሄዶ አይቶታል። በ2023 የወደቀው የ«ዘ ፍላሽ» መሪ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ወንድ ነው።

ከግዴታው የከፋው ግን በታሪኩ ውስጥ የገባው በሽታ ነው። ጸሐፊዎቹ ማለቂያ የተሰጠውን ታሪክ ለመቀጠል መውጫ ቀዳዳ አስፈለጋቸው፤ ቀዳዳውንም «ብዙ ዓለማት» በሚለው ሐሳብ አገኙት። በዚህ ሐሳብ መሠረት አንድ ጀግና በዚህኛው ዓለም ቢሞት በሌላው ዓለም አምሳያው አለ። ጀግናው ሲሞት ተተኪው በር ላይ ይጠብቃል። የዚህ በሽታ ዘር ቀድሞም ተዘርቶ ነበር፤ በ2018 «ኢንፊኒቲ ዋር» ላይ የጠፋው የፍጡራን ግማሽ በሚቀጥለው ዓመት ፊልም ተመልሷል። ከ2021 በኋላ ግን ዘሩ አዝመራ ሆነ።

የተውኔት ጥበብን የሚያውቅ ሁሉ የዚህን አደጋ ይገነዘባል። ድርጊት ክብደት የሚያገኘው ሊመለስ ስለማይችል ነው። ባለታሪኩ በሁለት መንገዶች መካከል ቆሞ አንዱን ሲመርጥ ሌላው ይዘጋበታል፤ ተመልካቹ ትንፋሹን የሚይዘው ይህን መዘጋት ስለሚያውቅ ነው። መንገዱ ሁሉ ለዘለዓለም ክፍት ከሆነ ምርጫ የለም፤ ምርጫ ከሌለ ግጭት የለም፤ ግጭት ከሌለ የሚቀረው ግርግርና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው። ዐይን ይደነግጣል፣ ልብ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ለዚህ ከማንኛውም ትንተና በላይ የሚናገሩ ሁለት ሥራዎች አሉ። በ2017 የወጣው «ሎጋን» የዎልቨሪንን እርጅናና ሞት ያሳያል። ኃይሉ እየደከመ፣ ቁስሉ እንደ ቀድሞው አልሽር እያለ፣ የማታውቀውን ልጅ ለማዳን የሚወድቅ ጀግና ነው። ፊልሙ በልዕለ ጀግና ሥራዎች መካከል ወደ እውነተኛ ትራጀዲ ከቀረቡት ጥቂቶች አንዱ ነው ለማለት ይቻላል። በ2024 የወጣው «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» ግን የሚጀምረው የዚያኑ ጀግና መቃብር በመቆፈር ነው። አጥንቱ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ የጠብ መሣሪያም ይሆናል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ቀልዱ ብልህ ነው፤ ገቢውም ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ሆኖም ኢንዱስትሪው ስለ ራሱ የሰጠው ከዚህ የበለጠ የእምነት ቃል የለም። የሞተው ተቆፍሮ ወጥቶ እንደገና ተሸጠ። በዚያው በጋ በሳን ዲዬጎ ከተማ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ወደ ሰንሰለቱ እንደሚመለስ ተበሠረ፤ በዚህ ጊዜ በጀግናው ሳይሆን በዶክተር ዱም፣ በጠላትነት። ሚናው ተለወጠ እንጂ የተፈለገው ፊቱ ነው።

ሌላው ሥራ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባ ነው። «ብላክ ፓንተር» በ2018 ሲወጣ ከጓደኞቹ የሚለየው ግጭቱ የሐሳብ ግጭት በመሆኑ ነበር። ሀብቷን ደብቃ በሰላም የምትኖር አፍሪካዊት አገር በሌላው ዓለም ለሚረገጡ ወንድሞቿ ኃላፊነት አለባት ወይስ የለባትም? ጠላት ተብሎ የቀረበው ኪልሞንገር የሚያነሣው ጥያቄ ከጀግናው መልስ ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ፊልሙ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። በኦሞ ሸለቆ አካባቢ የሙርሲና የሱርማ ሴቶች ከንፈራቸው ላይ የሚሰኩት ክብ ሸክላ በአንድ ወንድ የነገድ ሽማግሌ ከንፈር ላይ ታይቷል፤ የአንድ ሕዝብ ባህላዊ ምልክት ከትርጉሙ ተነጥሎ ጌጥ ሆኗል። ቢሆንም ፊልሙ የሚናገረው ነበረው።

በኦገስት 2020 መሪ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ43 ዓመቱ በካንሰር ሕመም ሞተ። ሪያን ኩግለር ተከታዩን ፊልም በ2022 ሲያቀርብ ሌላ ተዋናይ አልተካበትም። ፊልሙ በቀብር ተጀመረ። እናትና እኅት፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ዝምታ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ እንደ ተለመደው በትርምስ ቢሞላም እነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች በመላው ሰንሰለት ውስጥ አቻ የላቸውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ኩባንያው ሊቀለብሰው ያልቻለው ብቸኛ ሞት ይህ ነበር። እውነተኛ ሞት ሲገባ ታሪኩ ክብደት አገኘ፤ የጎደለው ምን እንደነበረም በዚያው ታወቀ።

ከመጋረጃው በስተጀርባ

ስለ ተመልካች ድካም ሲነገር የሠሪው ድካም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሆኖም ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሚታየው ከተማ፣ ሰማይ፣ ጦር፣ አንዳንዴም የጀግናው ልብስ ሳይቀር በኮምፒዩተር የሚሠራ ምስል ነው። ይህን ምስል የሚሠሩት ባለሙያዎች ፊልሞቹና ተከታታዮቹ ሲበዙ የጊዜው ማጠር፣ የሥራው መደራረብና የአለቆች ሐሳብ በየጊዜው መለዋወጥ እንዳስመረራቸው ሲናገሩ ቆይተዋል። በሴፕቴምበር 2023 የማርቭል ስቱዲዮ የምስል ባለሙያዎች አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይሰማ በሠራተኛ ማኅበር ለመደራጀት ወሰኑ። በዚያው ዓመት የፊልም ጸሐፊዎች 148 ቀናት፣ ተዋንያን 118 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ አድርገዋል። ከጥያቄዎቻቸው መካከል በኢንተርኔት ለሚሠራጭ ሥራ የሚገባው ክፍያና የሰው ሥራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳይተካ የሚጠይቁት ዋነኞቹ ነበሩ።

በተጣደፈ እጅ የተሠራ ምስል በተመልካች ዐይን ይታወቃል። የሰማዩ ቀለም ይደበዝዛል፤ የተዋናዩ ፊት ከአካሉ ይለያል፤ ጦርነቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። በመሆኑም ሸቀጡን ከመጠን በላይ ማምረት በአንድ በኩል የሠራተኛውን ጉልበት፣ በሌላ በኩል የተመልካቹን ቀልብ ጨረሰ። የዲዝኒ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ቦብ አይገር ራሱ በ2023 የተከታታዮቹ መብዛት ትኩረትን እንደ በተነ አምኗል፤ በ2024ም የማርቭል ሥራዎች በዓመት ከሁለት እስከ ሦስት ፊልም፣ ተከታታዮቹም ሁለት ያህል እንደሚሆኑ አስታውቋል። ባለንብረቱ መጠኑን ቀነሰ። የበሽታው ሥር ግን መጠን ብቻ አይደለም፤ ማለቅን መፍራት ነው።

ስለ ሁለት አስተያየቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጠንካራ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው «ድካም የሚባል ነገር የለም፤ ሰው የደከመው ከመጥፎ ፊልም ነው» የሚል ነው። ለማስረጃም በ2021 የወጣውና 1 ቢሊዮን 900 ሚሊዮን ዶላር ያስገባው «የሸረሪት ሰው፦ ኖ ዌይ ሆም» ይጠቀሳል። አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን የዚህ ፊልም ዋና መሳቢያ ምን ነበር? ከእርሱ በፊት የሸረሪት ሰው ሆነው የተወኑት ሁለት ተዋንያን፣ ቶቢ ማጓየርና አንድሩ ጋርፊልድ፣ ተመልሰው መታየታቸው ነው። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት የተጠራቀመ የሕዝብ ትዝታ በአንድ ቀን ወጪ ተደረገ። የተጠራቀመ ትዝታ ደግሞ የማያልቅ ጎተራ አይደለም፤ ሳይዘሩበት የሚዝቁት እህል የሚቆየው ለአንድ ክረምት ነው። ከዚህ ወዲህ በ2025 የወጡት «ሱፐርማን» እና «ፋንታስቲክ ፎር» ከብዙ ኀያስያን መልካም አስተያየት ቢያገኙም፣ የመጀመሪያው ከ600 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ከ500 ሚሊዮን ዶላር እምብዛም ያልራቀ ገቢ ነው ያገኙት። ጥሩ ፊልም መሥራት የፈረሰውን ውል በአንድ ጊዜ አይጠግነውም፤ እምነት በዝግታ ይገነባል።

የ«ጆከር» ዕጣ ይህንኑ ያጠናክራል። በ2019 የወጣው ፊልም ራሱን የቻለ፣ በራሱ የተዘጋ ሥራ ነበር፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የተዘጋው በር በ2024 በግድ ሲከፈት ተከታዩ ወደ 200 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አግኝቶ ወደቀ።

ሁለተኛው አስተያየት የታላቁ አዘጋጅ የማርቲን ስኮርሴዚ ነው። ስኮርሴዚ በ2019 እነዚህ ፊልሞች ሲኒማ አይደሉም፣ ይልቁንም የመዝናኛ ፓርክን ይመስላሉ በማለቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አደጋ የሌለበት፣ ሁሉም ነገር አስቀድሞ በጥናት የተመዘነበት ሥራ ጥበብ ሊባል እንደማይችል ማሳሰቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አስተያየቱ በሌሎች አፍ ሲደጋገም ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ፊልሙን መተቸት ቀርቶ ተመልካቹን መናቅ ሆነ። «ሕዝቡ ጣዕም የለውም፤ የሚወደው ጩኸት ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። በ2023 የታየው ሁኔታ ለእነዚህ ሰዎች መልስ ነው። ያው «ጣዕም የለውም» የተባለው ሕዝብ፣ ማስታወቂያው እንደ ቀድሞው እየጮኸ፣ ጀግኖቹ እንደ ቀድሞው እየበረሩ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ። ድካሙ የማስተዋል ማስረጃ ነው። የሚሰማው ያልነበረው ተመልካች አይታክትም፤ የሚታክተው አንድ ጊዜ በእውነት የተነካና ያንኑ ስሜት ደግሞ ፈልጎ ያጣ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት

የእነዚህ ጀግኖች ምስል በአዲስ አበባ ሕፃናት የትምህርት ቤት ቦርሳና ካናቴራ ላይ ይታያል። በኢትዮጵያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚቀርብ ተከታታይ ድራማ የብዙኃኑ ዋነኛ የምሽት መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል። በመጠን ባይወዳደርም ፈተናው አንድ ነው። ድራማው ሲወደድ አስተዋዋቂ ይመጣል፤ አስተዋዋቂ ሲመጣ ታሪኩ እንዲያልቅ የሚፈልግ ይጠፋል። በሃያ ክፍል ሊቋጭ የነበረው ግጭት ወደ ስልሳ ይለጠጣል፤ የሞተው ዘመድ ከውጭ አገር ይመለሳል፤ የተፈታው ምስጢር ሌላ ምስጢር ይወልዳል። ደራሲው መጻፉን ይቀጥላል፤ የሚናገረው ግን አልቋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደራሲው ሊያስታውሰው የሚገባው የቢሊዮን ዶላሩ ኢንዱስትሪ እንኳ በማስታወቂያና በቴክኒክ ብዛት ሊያመልጠው ያልቻለ ሕግ መኖሩን ነው።

መምህራንም ከዚህ ጉዳይ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ሊያገኙ ይችላሉ። ተማሪው ስለ ጀግናው ከመምህሩ የበለጠ ያውቃል። ስለዚህ «ይህን ፊልም አትይ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ «ይህ ጀግና ምን ቢያደርግ ሊመለስ የማይችል ነገር ይሆናል? ምንስ ያጣል?» የሚለው ጥያቄ የማመዛዘን ችሎታውን ያነቃል። የመሸጫ ታሪክን ከመኖሪያ ታሪክ የሚለይ ወጣት በዚህ መንገድ ይፈጠራል።

ጀግና ለሕዝብ ያስፈልጋል። በ1938 የተራበውና ሥራ ያጣው አሜሪካዊ አስፈልጎት ነበር፤ ዛሬም አቅም ያጣ ሰው ባለበት ሁሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጀግናን ጀግና የሚያደርገው የሚያጣው ነገር መኖሩ ነው። ሞት የማይነካው፣ ስሕተቱ በሚቀጥለው ክፍል የሚሠረዝለት፣ መቃብሩ እንደ ገና የሚሸጥ ገጸ ባሕርይ፣ ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ ከአንዲት ልጇን ለማሳደግ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ከምትጋግር እናት ያነሰ ጀግንነት ነው ያለው። እርስዋ የምትከፍለው ዕድሜ ተመልሶ አይመጣም።

ተመልካቹ ወንበሩን ባዶ በማድረግ የተናገረው ይህንኑ ነው። ጥበበኛው ታሪኩን በጊዜው ቋጭቶ የማስረከብ ድፍረት ካለው፣ ተመልካቹ ለሚቀጥለው ታሪክ ቀልቡን ይዞ ይመለሳል።